በሦስተኛው ቀን የተተወ መድኃኒት

መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ማኅሌት ቆመው ወደ ላሊበላ ሲመለሱ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ምሥራቅ የክትባት ሣጥኗን አንግታ መንገድ ላይ ደረሰችባቸው። ጉሮሯቸውን ታክመው ከእሷ እጅ መድኃኒት ከተቀበሉ አምስተኛ ቀናቸው ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ የኔታ? መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?»

«ድኛለሁ፣ ልጄ። ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ተወኝ፤ እኔም መድኃኒቱን ተውኩት።»

የቀረውን ክኒን ከትከሻቸው በማይለየው የዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ አኑረውታል። ቅኔ ሊማር ጎጃም የወረደው አንድ ልጃቸው አድማሴ ሲመጣ፣ ምናልባት ቢያመው ሊሰጡት ነው። ከሄደ አራት ዓመቱ። ናፍቆቱ ሲጠናባቸው እጃቸውን ሰደድ አድርገው ክኒኑን ይዳስሱታል፤ ያን ጊዜ ልጁ የሚመጣ ይመስላቸዋል።

«የእርስዎ እኮ የአሥር ቀን ነው!» አለች ምሥራቅ።

«እሱ ነው ያልገባኝ። የጎረቤቴን የሙሉዬን ልጅ ሳንባ ምች ይዞት አምስት ቀን ሰጣችሁት። እኔን ለጉሮሮ አሥር! ለመሆኑ ሳንባ ይብሳል ጉሮሮ?»

መቼም የቤተ ክህነት ሰው ክርክር ከያዘ አይጣል ነው። ምሥራቅ ግን የቄስ ልጅ ናት።

«የኔታ፣ ነነዌ ስንት ቀን ይጾማል?»

«ሦስት።»

«ሁዳዴስ?»

«አምሳ አምስት።»

«ሁለቱም ጾም ናቸው። ታዲያ አንድ ተማሪዎ ‹ነነዌን ያህል ጾሜያለሁ› ብሎ ሁዳዴን በሦስተኛው ቀን ቢገድፍስ?»

«በአርጩሜ ነዋ!» ብለው ሳቁ።

«መድኃኒቱም እንዲሁ ነው። ቀኑ እንደ በሽታው ዓይነት ይለያያል። አምስት ቀን ለሚበቃው ማስረዘም አይጠቅምም። የእርስዎ ዓይነቱ ግን ሕመሙ ቢበርድም ጀርሙ ሊቀር ይችላል። በልጅነት ሲሆንማ፣ ከሳምንታት በኋላ ዛሬ ጉልበት፣ ነገ ቁርጭምጭሚት እየዞረ ያሳብጣል። ልብም ይጎዳል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀጥ አሉ። አድማሴ በስምንት ዓመቱ ጉሮሮውን ታሞ ነበር። ያን ጊዜም መድኃኒቱን በሦስተኛው ቀን አስትተው፣ የቀረውን ለክፉ ቀን ብለው አኖሩት። ወሩ ሳይሞላ ጉልበቱ አበጠ፤ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ዳገት ሲወጣ ያለከልካል።

«ሞፈር መሸከም ቢያቅተው ነው ለቅኔ የሰጠሁት» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ። «እኔ ነኝ፣ ልጄ። እኔ ነኝ ያስተውኩት።»

ምሥራቅ ክንዳቸውን ያዘች። «ሳይመረመር ከዚያ ነው ብዬ አልምልም፣ የኔታ። ግን ይምጣ። ልቡ ተነክቶም ከሆነ፣ በየወሩ መርፌ እየተወጋ እንዳይብስበት ይደረጋል። የቀረዎትን ክኒን ይመልሱልኝና እርስዎም ነገ መጥተው ይታዩ።»

መሪጌታ ማኅደሩን ፈቱ። ክኒኑን ጨብጠው ጥቂት ከቆዩ በኋላ በእጇ ላይ አኖሩላት። ቤታቸው እንደ ደረሱም ብዕር አነሡ።

«ልጄ አድማሴ፣ መድኃኒት የቆጠብኩ መስሎኝ ጤናህን ሳላጎድልብህ አልቀረሁም፤ ይቅር በለኝ። ጓደኞችህን ምከራቸው፤ ሐኪም አምስት ቀን ያለውን አምስት፣ አሥር ያለውን አሥር ቀን ይውሰዱ። ቢሻላቸውም አያቋርጡ፤ ከራሳቸው ቀንሰው ለሌላ አያኑሩ። እንዲህ ያደረገ ሕመሙ አያገረሽበትም፣ ልጁም ሮጦ ያድግለታል። ለአንተ ያኖርኩትን ክኒን ዛሬ መልሻለሁ። እንግዲህ የምዳስሰው የለኝም። ቅኔው ይደርሳል፤ አንተ ና።»