የ«ሮብ ገበያ ልጆች» ግሩፕን የጠበቁት የወይዘሮ የብርጓል ታረቀኝ ዜና ሕይወት

እኔ ዘመናይ ታረቀኝ የሟች ታላቅ እህት ነኝ። ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አንድም ነገር ረስቼ አላውቅም፤ ክርስትና ስነሳ ቄሱ ስንት ጊዜ እንዳስነጠሱ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ልጆቹ ጽፈው የሰጡኝ ወረቀት ከእኔ ያነሰ ስለሚያውቅ አጥፌ ይዤዋለሁ። ዕድሜ ልኬን «አንቺ» ስላቸው የኖርኩትን እህቴንም ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ቢሰሙኝ በሳቅ ይሞቱ ነበር።

ወይዘሮ የብርጓል ከአባታቸው ከአቶ ታረቀኝ እንዳላማው፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ አለሚቱ መሳፍንት በ1946 ዓ.ም. ሮብ ገበያ ተወለዱ። የተወለዱ ዕለት ያለቀሱት ለቅሶ የጮቄ ተራራን በግ ሁሉ አስበርግጎ፣ ባለቤቶቹ በጎቻቸውን ለመሰብሰብ ሳምንት ፈጅቶባቸዋል፤ ቀንሼ ይሆናል እንጂ አልጨመርኩም። ፊደል እዚያው ቆጥረው፣ ትምህርታቸውን ደብረ ማርቆስ ጨርሰው፣ በዚያ ድምፃቸው የተነሳ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆነው ተቀጠሩና ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ከሰው አገናኙ። መስመር ላይ ሰው የሚሳደብ ከሰሙ ግን፣ ሹምም ይሁን ነጋዴ፣ ሽቦውን ንቅል ያደርጉና «መስመሩ ታሟል ጌታዬ፤ አፍዎን ሲያጥቡ ይድናል» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸውን አቶ አድማሴንም ያገኙት በዚያው ስልክ ነው። አቶ አድማሴ የከብት ሐኪም ነበሩ፤ በየማክሰኞው ባሕር ዳር አገናኙኝ ይላሉ፣ ባሕር ዳር ግን የሚያውቁት አንድ ሰው እንኳ አልነበራቸውም። በስምንተኛው ማክሰኞ የብርጓል «ባሕር ዳር አይነሳም፤ እኔ ግን አንስቻለሁ፣ ተናገሩ» አሏቸው። በ1972 ዓ.ም. ተጋብተው ሙሉቀንንና ሥራነሽን ወለዱ፣ አድማሴም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቀደሟቸው።

ጡረታ ወጥተው በሬዲዮ ሲናደዱ የሚውሉትን እናቷን አይታ፣ ሥራነሽ ስልክ ገዝታ «የሮብ ገበያ ልጆች» የሚባለው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባቻቸው። ያን ጊዜ ግሩፑ ሰው የሚሸሸው እንጂ የሚገባበት አልነበረም፤ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ የሰው ሚስት ያማል፣ አንዱ ሎተሪ ደረሰዎት እያለ የሌባ ሊንክ ይልካል። የነበሩት አድሚኖች መሮአቸው ኃላፊነቱን እሳቸው ላይ ጣሉት። እሳቸውም «አገራችን እንግዳ ሲገባ ተነስተን ኖር እንላለን፤ እዚህስ ለምን ተጎልተን እናፈጣለን?» ብለው፣ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ሁሉም ኖር ብሎ እንዲጽፍ አዘዙ። በማግስቱ አንድ የዲማ ቆሎ ተማሪ ገባ፤ ሺህ ስምንት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ኖር ሲለው፣ ስልኩ ሲንጫጫበት ጊዜ አጋንንት የገባበት መስሎት ጸበል ውስጥ ነከረው። የብርጓል ጥፋቱ የኔ ነው ብለው ሌላ ስልክ ላኩለትና፣ ከዚያ ወዲህ ኖር የሚሉት በየሳምንቱ ተረኛ የሆኑ ሰባት ሰዎች ብቻ ሆኑ። ተሳዳቢ ደግሞ፣ እንደ አባቶቻችን ወግ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ያንን በቪዲዮ ቀርጾ ልኮ፣ የበደለውን ሰው ይቅርታ ይጠይቃል። አንዱ አዲስ አበባ ሆኖ ትራስ በጨርቅ ጠቅልሎ ተሸከመ፤ አንገቱ እንዳልጎበጠ አይተው ቪዲዮውን መለሱበት።

ዓምና ሕሊና፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ግብርና የምትማረው የቁይ ከተማ ልጅ፣ ግሩፑ ላይ አንድ ገበሬ የድንቹ ቅጠል ለምን እንደሚጠቁር ሲጠይቅ ትመልስለታለች። የጭነት መኪና ባለቤቱ አበባው «ድንች መላጥ የማታውቅ ድንች ታክም ጀመር» አላት፤ እሷም በትሕትና መለሰችለት። ይኼኔ ፎቶዋን ከሌላ ቦታ አምጥቶ በብልግና ቃል አጅቦ ለጠፈው። ልጅቱ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም፣ ትምህርቷን ልትተው ሻንጣዋን አሰረች። የብርጓል ፎቶውን ወዲያው አጥፍተው፣ ቤቷ ሄደው ሻንጣዋን በገዛ እጃቸው ፈቱ፤ አበባውንም ድንጋይህን ተሸከም አሉት። እምቢ አለ። ሽማግሌዎች መጥተው «ለጤና ጣቢያው ቆርቆሮ የሰጠ ሰው እንዴት ይባረራል?» ቢሏቸው «ቆርቆሮው ጣሪያው ላይ ይቀመጥ፤ ሰውዬው ይውጣ» ብለው አስወጡት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተከትሎት ወጣ። እሳቸው ግን «በሩ ሰፊ ነው፣ አትጋፉ» ብለው ሸኟቸው፤ ዛሬ ያለ አበባው ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሆነናል።

በስተመጨረሻ ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሙ ስልኩን ያስቀምጡ ቢላቸው፣ እሱንም ነርሷንም ግሩፕ አስገብተው ሁለቱንም ተረኛ አደረጓቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት የግሩፑን ኃላፊነት በሙሉ ለሕሊና አስረከቡ፤ ትናንት ጠዋት፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ እጄን እንደያዙ ዐረፉ።

ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ እኔን እህታቸውንና የግሩፑን ሕዝብ ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ወኔያቸውን አይንሳን።

የልጆቹ ወረቀት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ግን አልጨረስኩም። ዛሬ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎች መጥተው፣ ለቅሶው ያስታርቀንና አበባው ተመልሶ ይግባና እሱ አድሚን ይሁን፣ ሕሊና ገና ልጅ ናት አሉኝ። እህቴን ገና አፈር ሳላለብሳቸው ማለት ነው። አይሆንም። ልጅ ናት ያላችኋት ልጅ፣ እናንተ ዝም ባላችሁበት ቀን ብቻዋን የቆመች ናት። አበባው፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመህ እያየሁህ ነው፤ ለቅሶ መምጣትህ ደግ አድርገሃል። መግባት ከፈለግህ ሽማግሌ አትላክብኝ፣ ዛሬ ማታ ራስህ ደውልልኝ። የማድረው ሕሊና ዘንድ ነው፤ ስልኩን የምታነሳውም እሷ ናት።