የአምናው የጊፋታ በሬ

አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ጠራኝና ስልኩን ፊቴ ደቀነው። በስልክ ብድር ጠይቆ ኖሮ «ይቅርታ፣ አልተፈቀደልዎትም» የሚል መልእክት መጥቶለታል። ብድሩ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ለአምናው ጊፋታ፣ ለወላይታ የዘመን መለወጫ በዓል፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ካረደው በሬ የደረሰውን ሥጋ ዋጋ እስካሁን እንዳልከፈለ ነገረኝ። ካልከፈለ ለዘንድሮው በሬ አይመዘግቡትም።

ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ፣ ዓመት ሙሉ በዱቤ ሥጋ የሚበላ ምን ዓይነት ሆድ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሻዩን እያማሰለ፣ «አምና ለጊፋታ ከነሚስትህ፣ ከነልጆችህ ሦስት ቀን እኔ ቤት አልነበራችሁም እንዴ?» አለኝ።

እሱ ቤት በሥጋ የበላሁት የአምናው ዳታ በርበሬ እንደ አዲስ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። የሻዩንም የበሬውንም ከፈልኩ። ዘንድሮ ሲጠራኝ ግን ቢላ ከማንሳቴ በፊት «ተከፍሏል?» እላለሁ።