ስለ ሞቱት ዳክዬዎችና ስላልሞቱት ዶሮዎች የተሰጠ ቃል

ምስክር፦ በመንደሩ «ዶክተር መርፌ» በሚል ስም የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የእንስሳት ሐኪም
አድራሻ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ
ቀን፦ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

እኔ ምስክሩ በዚህ ሙያ ረጅም ዘመን የሠራሁ ስሆን፣ ሰዎች በአብዛኛው የሚጠሩኝ እንስሳው ከሞተ በኋላ ነው። እሑድ ጠዋትም የሆነው ይኸው ነው። የተጠርጣሪው አማት የሆኑት የግል ተበዳይ ወደ ቤቴ መጥተው ዳክዬዎቻቸው በሙሉ ማለቃቸውንና የልጃቸውን ባል ለፖሊስ ማስያዛቸውን ነገሩኝ። «ዶሮዎቹ ከዚያው የበቆሎ ጆንያ በልተው ደህና ናቸው። ዳክዬዎቹን ለይቶ መርዝ ካላበላ በቀር እንዴት ይሞታሉ?» አሉኝ።

ተጠርጣሪው በአማቱ ግቢ የሚኖር የሌሊት ዘበኛ ነው። ቀን ሲተኛ ዳክዬዎቹ መስኮቱ ሥር ስለሚጮኹ «አንድ ቀን እፈጃችኋለሁ» ሲል እኔም ሰምቻለሁ፤ አልደብቅም። ሆኖም ፖሊስ በክፍሉ የአይጥ መርዝ መፈለጉ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር።

ሁለት ዳክዬዎች ከፍቼ ስመለከት ጉበታቸው ገርጥቶ፣ አብጦ፣ ደም ቋጥሮ አገኘሁት። ከጆንያው የወሰድኩት በቆሎ ተመርምሮ የሻጋታ መርዝ እንዳለበት ዛሬ ጠዋት ውጤቱ ደርሶኛል።

ዶሮዎቹ ለምን እንዳልሞቱ መርማሪው ስለጠየቁኝ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ። መርዙ ከአንጀት ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት ሊያስወግደው ሲሞክር መጀመሪያ ከነበረው የባሰ ነገር ያደርገዋል፣ ቀጥሎ ነው አዳክሞ የሚያስወጣው። የዳክዬ ጉበት የማባባሱን ሥራ ያፋጥናል፣ የማስወጣቱ ግን አይሆንለትም። የዶሮ ጉበት በዚህ ይሻላል። ቢሆንም ዶሮዎቹ ቆመው ስለሄዱ ጤነኛ ናቸው ማለት አይደለም፤ አንዷን አሳርጄ ጉበቷን ገርጥቶ አይቼዋለሁ። ከመርዙም ጥቂቱ ወደ እንቁላሉ ያልፋል።

የበቆሎውን ውጤት ዛሬ ጠዋት ለግል ተበዳይ በነገርኳቸው ጊዜ «ኧረ ዶክተር፣ እኔ እኮ አጥቤዋለሁ!» አሉኝ። በሰፈራችን በቆሎ ሲሻግት አሽቶ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት የተለመደ ነው። አረንጓዴው ሲለቅ መርዙም የለቀቀ ይመስላል፤ መርዙ ግን በውኃ አይለቅም። ሴትዮዋ ሲያሹ የተላጠ ጣታቸውን አሳዩኝ። በጣም አሳዘኑኝ። «እንግዲያው እኔው ነኛ የፈጀኋቸው» አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

ዛሬ ቃሌን ልሰጥ ስመጣ እኚሁ ሴት በጣቢያው በር አግዳሚ ወንበር ላይ ሳህን በፎጣ ሸፍነው ተቀምጠው ነበር። ክሱን ሊያነሱና አማቻቸውን ይቅርታ ሊጠይቁ እንደመጡ ነገሩኝ። ፎጣውን ገለጥ ባደርገው የተቀቀለ እንቁላል ነው፤ ከእነዚያው ዶሮዎች። እኔም «እትዬ፣ ይህን እንኳ አያስገቡለት» ብዬ ሳህኑን ተቀበልኳቸው። እሳቸውም «ታዲያ ምን ይዤ ዓይኑን ልየው?» አሉኝ። ሳህኑን ይዤ ገባሁ።

ሳህኑ አሁን ከዚህ ቃል ጋር በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ሴትዮዋ እስካሁን ውጭ ናቸው፤ ባዶ እጃቸውንም ቢሆን እንዲያስገቧቸው እለምናለሁ። የተጻፈው ተነቦልኝ ያየሁትና የማውቀው ይኸው መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ ________
የመርማሪ ፊርማ ________