አቶ ታፈሰን ያስመረጠው ጥሩምባ

በእኛ ጊዜማ፣ ልጄ፣ ሰው እንዲመረጥ መጀመሪያ ስሙ መጮህ ነበረበት። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው የምነግርህ። የቀበሌ ምርጫ መጣ ተባለ፤ ታዲያ ከዋናው ምርጫ በፊት እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን እጩ እጅ አውጥቶ ይለይ ተባለ። እኛ ከጭድ ተራ ጀርባ ያለነው ደግሞ አንድ ጭንቅ ነበረብን፤ ቦዩ። ቦዩ ተደፍኖ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ቤታችን ይገባል፣ እኛም በጣሳ ውሃ ስንቀዳ እናድራለን፣ ስንቀዳ!

ታዲያ ስለዚህ ቦይ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አቶ ታፈሰ። ልብስ ሰፊ ነው፣ ድምፁ አይሰማም፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። ፊቱን ሁሉም ያውቃል፣ ስሙን ግን ማንም አያውቅም። «ሰፊው» ይሉታል፣ አለቀ። አቶ ግርማ ግን እህል በረንዳ ትልቅ መጋዘን አለው፤ ስሙ መጋዘኑ ላይ፣ ስሙ መኪናው ላይ፣ ስሙ ጆንያው ላይ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ማንን ይመርጣሉ?» እላለሁ።

«ግርማን ነዋ!»

«ምን ሠርቶ?»

«እኔ ምን አውቄ! ጆንያውን ስንቴ አጥቤ አንጥፌዋለሁ!»

እና ተናድጄ ለደሴ አጫወትኩት። ደሴ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ሰው ሲሞት በማለዳ እየዞረ ስሙን የሚጠራ።

«ስም ማሳወቅማ ለእኔ ተወው!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ለእሱ መተው! በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጡጥ! ጡጡጥ! «አቶ ታፈሰ በላቸው! ከጭድ ተራ ጀርባ የሚኖሩት አቶ ታፈሰ በላቸው!» ቀጥሎ «ለእጩነት ይቀርባሉና ምረጧቸው» ሊል ነበር፤ ማን ያስጨርሰዋል? እኛ ጥሩምባ ሰምተን ስም ከሰማን የሚቀረን ነጠላ መፈለግ ነው። ወዲያው «ወይኔ!» ተባለ፣ ድንኳን ተጎተተ፣ አግዳሚ ወንበር ወጣ።

ታፈሰ ለካ ተኝቶ ኖሯል። መፋቂያውን በአፉ እንደያዘ ብቅ አለ።

«ማን ነው የሞተው?»

«አቶ ታፈሰ!» ይላሉ እትዬ ዘነቡ እያለቀሱ።

«የትኛው ታፈሰ?»

«እኔ የት አውቃቸዋለሁ፣ ሰፊው! ብቻ ደግ ሰው ነበሩ!»

«ነፍስ ይማር» አለና ካስማውን ተቀብሎ ድንኳኑን ይተክል ጀመር!

ሳቅክ እኮ! ልጅህን ከቀበርን ወዲህ ጥርስህን ሳይ ገና ዛሬ ነው። እሰይ። ልቀጥልልህ።

ኋላ ሚስቱ ወጣችና «አንተ! የማንን ድንኳን ነው የምትተክለው? የራስህን እኮ ነው!» ስትል፣ ሰፈሩ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ተንከተከተ። በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። «አቶ ግርማ» ሲባል አልፎ አልፎ እጅ ወጣ። «አቶ ታፈሰ» ሲባል ግን፣ «ያ ድንኳኑን የተከለው!» እያለ ሁሉም እጁን ሰቀለ። እትዬ ዘነቡማ ሁለቱንም እጃቸውን ነው ያወጡት። ታዲያ ስለ ቦዩ የጠየቀው ነበር? አንድም ሰው አልነበረም!

እና ለዋናው ምርጫ ቀረበ። ወደቀ! ለምን ወደቀ በለኝ? ዋናው ላይ ሌላው ሰፈርም ይመርጣል፤ የሰባተኛ ሰፈር ሰው የደሴን ጥሩምባ መቼ ሰማ? እነሱ ስሙን የሚያውቁትን መረጡ፣ እንደ እኛው።

በቃ ቦዩ ቀረ አልን። ታፈሰ ግን አንድ እሁድ ጠዋት አካፋ ይዞ ወጣ፤ ያ ድምፁ የማይሰማ ሰውዬ መንገድ መሃል ቆሞ ጮኸ።

«ለቀብሬ ወጥታችሁ የለ? ለቦዩማ ውጡ!»

ማን ይቀራል! ግርማም ሱሪውን ሰብስቦ ገባ፣ እትዬ ዘነቡም ጭቃ በባልዲ ሲያመላልሱ ዋሉ። በዚያ ክረምት ጎርፉ በደጃችን አልፎ ሄደ፣ ቤታችን አልገባም።

«በሚቀጥለው ምርጫስ ተወዳደረ ወይ?» አልከኝ?

ሰፈሩ ሁሉ ለመነው እንጂ! ደሴም ጥሩምባውን ወልውሎ መጣ። ታፈሰ አየት አደረገውና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ለመመረጥ ስንቴ ልሙትላችሁ?»

ሃ ሃ ሃ!