መርዶ በሩሲያኛ

ከቡኢ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት አዛውንት ተቀምጠዋል። አንደኛው መምህር ናቸው። ሌላው መካኒክ ሲሆኑ፣ በደርግ ጊዜ ሩሲያ መማራቸውን ገና መናገራቸው ነው።

«እንግዲያው ያርሙኝ» አሉ መምህሩ፤ በሩሲያኛ ሰላምታ ሰጡ።

«ጎበዝ! ማን አስተማረዎት?»

«መጽሐፍ። ዕብራይስጥንም ለመጽሐፍ ቅዱስ ብዬ ብቻዬን ነው የያዝኩት። ሰዋስው እወዳለሁ።»

«የቱ ይከብዳል?»

«ዕብራይስጥ ዘመድ ነው፤ ‹ሞተ› ለማለት ‹ሜት› ይላል። ሩሲያኛ ግን ባዳ ነው። እሱን ቃል እንዴት ይሉታል?»

«ኡመር።»

«የሰው ስም አይደለም እንዴ?»

«የኔው ስም ነው!» መካኒኩ ሳቁ። «እዚያ ስሜን ስናገር ሰው ይደነግጥ ነበር። ምን ሊያደርግልዎት ነው?»

«ወንድሜ እዚያ ሲማር የወለዳት ልጅ አለች። ከሩሲያኛ ሌላ አታውቅም። ዛሬ ቡታጅራ ስልክ ቤት ትደውላለች፤ ‹አባቴን አገናኙኝ› ነው የምትለው። ከቀበርነው ወር ሆነው።»

መካኒኩ ወደ መምህሩ ዞሩ።

«‹አባትሽ ሞተ› ለማለት ‹ፓፓ ኡመር› ይበሏት። ቀስ ብለው።»

«ፓፓ ኡመር» አሉ መምህሩ። ደገሙት። «ከዚያስ? ‹አይዞሽ› በምን ይባላል?»

«እሱ እንኳ እነሱ ጋ የለም፣ መምህር። አብረዋት ያልቅሱ።»

መውረጃዬን አለፍን፤ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።