የናስራ ዋስ

«ዘንድሮ ሩዙ ድንጋይ በዝቶበታል፤ አይደል እንዴ ሙኒያ? ድሮ እንዲህ አልነበረም። አንድ ትሪ ለመልቀም ግማሽ ቀን! ደግሞ ድንጋዩም ነጭ፣ ሩዙም ነጭ… አንቺ እንኳ ዓይንሽ ደህና ነው፤ እኔ በጣቴ ካልዳሰስኩት አልለየውም። የከሰላው ሩዝ ይሻል ይሆን? ለነገሩ ከሰላ ያለ ሰው ምን ጎደለበት! ፍራፍሬው፣ ንፋሱ… ወፈር ብለሽ መጣሽ እኮ፣ ማሻአላህ።»

ዘምዘም ነገር ስትጀምር እንዲህ ነው የምትጀምረው፤ ከሩዝ፣ ከንፋስ፣ ከሰው ውፍረት። የሚያውቋት ሴቶች ግን ገና ሩዙ ሲነሣ ጎንበስ ብለው መልቀማቸውን አጠበቁ። ጀሪፍ ሰፈር ካለው ከዚህ ሰፊ ግቢ ሐሙስ ዕለት ሙሽራ ትወጣለች። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው የሠርጉን ሩዝ ይለቅማሉ፤ ከኒሙ ዛፍ ሥር ደግሞ የሙሽራዋ አባት ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከሽማግሌዎች ጋር የገመድ አልጋ፣ አንገረብ ላይ ተቀምጠዋል። ካርቱም ገብተው የከበሩ ሰው ናቸው፤ የሱዳን ዜግነት፣ ጅንሲያ አላቸው፣ ግቢውም በስማቸው ነው። ዘምዘም ስማቸውን አንድም ጊዜ አልጠራችም፤ እሷ ያልጠራችውን ስም ደግሞ እኛ አንጠራውም። ከምንጣፉ እስከ አንገረቡ ያለው ግን ድምፅ የማይደርስበት ርቀት አይደለም። ዘምዘምም ዐማራት ሰፈር ለሐኪም ቤተሰብ ስትሠራ ከወጥ ቤት ሆና ፎቅ ላይ ያለ ሰው መጥራት የለመደች ናት።

ሙኒያ ከሰላ ከርማ ለሠርጉ የመጣችው ትናንት ነው። ወሬ አልሰማችም። ገብታ ሁሉንም ሳመችና «ናስራስ?» ብላ ጠየቀች፤ ጣጣውን ያመጣው ይኸው ጥያቄዋ ነው።

«ናስራን ጠየቅሽኝ አይደል? ደህና ናት። ኦምዱርማን ናት። … ኧረ አግብታ አይደለም! ሲጅን ነው ያለችው፤ ከሴት እስረኞቹ ጋር። … ምነው እጅሽን አቆምሽ? ልቀሚ እንጂ። ካፉሪ የምትሠራበት ቤት የእመቤቲቱ የወርቅ አምባር ጠፋ ተባለ፤ በቤቱ ሐበሻ እሷ ብቻ ነበረች፤ በቃ! ከዚያማ ቀጠሮ በቀጠሮ ነው። ከሳሿ ካይሮ ሄደች፣ ቀጠሮ። ሾፌሩ ምስክር ነው፣ አልመጣም፣ ቀጠሮ። ዳኛው ሐጅ ሄደ፣ ቀጠሮ። አንዱን ረመዳን እዚያ ጾመችው፤ ሁለተኛውም እዚያው አገኛት። አንድ ቀን እንኳ ‹ሰርቀሻል› ወይ ‹አልሰረቅሽም› ያላት ሰው የለም።

«በመጨረሻ አንድ ወጣት ዳኛ መጣ፤ አላህ ይባርከው። ፋይሉን አገላበጠና ‹ይህች ልጅ ተፈርዶባት ቢሆን ኖሮ እኮ እስከ ዛሬ ጨርሳ ወጥታ ነበር› አለ። ዋስ ታምጣና ከውጭ ሆና ትከራከር ብሎ ፈቀደላት። አንድ ዳሚን ብቻ! ጅንሲያና ቤት ያለው ሰው ቆሞ ‹እኔ አለሁላት› ቢል ያን ቀን ቤቷ ታድራለች። ማህከማው ውስጥ፣ እዚያው ዳኛው ፊት እልል ልንል ምንም አልቀረን። ዐም ሳሊህን ታስታውሻቸዋለሽ፣ ዐማራት ባለሱቁን? ሱዳናዊው ሽማግሌ? ናስራ ከሳቸው ዳቦ ከመግዛት በቀር ምናቸውም አይደለችም። የቤታቸውን ካርታ በፌስታል ይዘው መጥተው ‹እኔ እዋሳታለሁ› አይሉም! … እሷ ምን ብትላቸው ጥሩ ነው? አንገቷን ደፍታ ‹አላህ ይስጥልኝ ዐምሚ፤ አባቴ እዚህ ተቀምጠው ሌላ ሰው ቢዋሰኝ ይከፋቸዋል።› እሳቸውም ፌስታላቸውን አጣጥፈው ወጡ። በማግስቱ ለተምር ለቀማ ወደ አገራቸው ወደ ዶንጎላ ተሳፈሩ፤ እስካሁንም አልተመለሱ።

«አባቷ ይማምማ ወሎ ሞተው ተቀብረዋል፤ ይኼ ሌላ አባት ነው፤ የጡት አባት። … አይ፣ አንቺ አታውቂያቸውም። ማዮ፣ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ወደዚህ ብዙም አይመጡ። ግን እንዴት ያለ ጥሩ ሰው መሰሉሽ!»

ሙኒያ ቀና ብላ ወደ ኒሙ አየችና መልሳ ትሪዋ ላይ አቀረቀረች። እንዴት አታውቃቸውም! ናስራ በመተማ በኩል ወባ እያንቀጠቀጣት የገባች ጊዜ፣ በዚሁ ግቢ፣ በዚሁ ዛፍ ሥር፣ የመውሊድ ዕለት፣ እኚሁ የሙሽራዋ አባት አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ልጅቷን አጥብተዋታል፤ ባገር ቤቱ ደንብ። «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነሽ፤ ቤቴ ቤትሽ ነው» ሲሉ ሰው ሁሉ አሚን ብሏል። የማሩን ሳህን የያዘችው ደግሞ ራሷ ሙኒያ ነበረች።

«… እና ዳኛው ‹አባትሽ የታሉ?› ሲላት በጣቷ አሳየች። የፊት ወንበር ላይ ነበሩ። እሳቸው መቼም ለቅሶም ይሁን ሠርግ የፊት ወንበር አያመልጣቸውም፤ ለሰው ያላቸው ፍቅር! ብድግ አሉ። ሙኒያ፣ እንዴት አምሮባቸው ነበር መሰለሽ… ጀለቢያው ተተኩሶ፣ ጥምጣሙ እንደዚህ ተቆልሎ። ዳኛው ‹ልጅህ ናት?› አለ። እስቲ አሁን ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይላል? ይዋሽ ነበር! ‹አዎ፣ ልጄ ናት› ብሎ ጉድ ያፈላ ነበር። እሳቸው ግን በዳኛ ፊት ቃል የሚያበላሹ ሰው አይደሉም። ‹ከአገሬ የመጣች ልጅ ናት፤ ከዚያ በላይ አላውቃትም› አሉ። ጥርት ባለ ዓረብኛ! ወላሂ፣ ሌላ ቀን የሚያወሩት አይገባኝም፤ ያን ቀን ግን እኔ እንኳ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ናስራም ገባት። እውነተኛ ሰው እኮ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

«ሰው ደግሞ ያማቸዋል። እኔ ግን ምን አጠፉ ነው የምለው። ቤት እኮ ነው! ‹ቤቴ ቤትሽ ነው› ማለት ካርታውም ካርታሽ ነው ማለት ነው እንዴ? ልጅቷም የዋህ ናት። ጁምዓ ጁምዓ በዕረፍቷ ቀን መጥታ ጀለቢያ ስታጥብ ቤቷ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ስታበስል ቤቷ ነበር፤ ባለቤታቸው ሲታመሙ ስታስታምም ቤቷ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ቤት ፈለገች? ብትጠፋባቸውስ? … ወዴት ትጠፋለች አልሽኝ በዓይንሽ? እሱስ እውነት ነው። ፓስፖርቷ ካፉሪ፣ ልቧ እዚህ ጀሪ… ማዮ! ማዮ ማለቴ ነው። አይ የኔ ነገር፣ ፀሐዩ አናቴን መታኝ መሰለኝ።

«ማሩንም ቢሆን እስቲ አስቢው። ማር አፍ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል? ሟሙቶ ያልቃል። ጣታቸውንም ወዲያው ነው የታጠቡት፤ ንጹሕ ሰው ናቸው።»

ከኒሙ ሥር አንደኛው ሽማግሌ ሳል ያዘው፤ ሌላው ጫማው ውስጥ የገባ ነገር ይፈልግ ጀመር። የሙሽራዋ አባት መቁጠሪያቸውን ቶሎ ቶሎ ያንከባልላሉ።

እውነቱን ለመናገር ዘምዘም ተንኮለኛ ሴት አይደለችም። መጀመሪያ የሄደችው በቀናው መንገድ ነበር። ከማህከማው በተመለሱ ማግስት መጥታ ይህንኑ ግቢ አንኳኳች፤ ተኝተዋል ተባለች። ሌላ ቀን መጣች፤ እየሰገዱ ነው ተባለች። እነዚህኑ ሽማግሌዎች ላከች፤ ምሳ ተጋብዘው ተመለሱ። እሷና ናስራ ዴም ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው ኖረዋል፤ እስከ ዛሬም የናስራ አልጋ ላይ ሌላ ሰው አላስተኛችም። ለምና ያጣችውን በሌላ በኩል ልትሞክር መጣች እንጂ የሰው ሠርግ ማበላሸት አምሯት አልነበረም።

«ደወልንላቸውም እኮ። ሞባይል ከያዙት ከመጀመሪያዎቹ ናቸው። ስልካቸውም እንደሳቸው ጨዋ ነው፤ የሰው ችግር ሊሰማ ሲል ዝም ይላል። … ባለፈው ናስራን ልጠይቅ ሄጄ ምን አለችኝ መሰለሽ? ተቀይማለች ብለሽ ይሆናል። የት አውቃ! ‹አባዬ ዳኛው ፊት ደንግጠው ነው እንጂ እንዲህ አይሉም። ደም ብዛታቸው ተነሥቶባቸው ይሆናል፤ መድኃኒታቸውን እንዳይረሱ በያቸው› አለችኝ። እኔ ደግሞ እሺ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? … እዪው፣ ድንጋይ! ይኼን የሚያህል! ሲያዩት እኮ ሩዝ ነው፤ ጥርስ ላይ ሲደርስ ነው የሚታወቀው። ወዲያ ጣይው።

«ነገ ደግሞ ቀጠሮዋ ነው። ለዚያ ለደጉ ዳኛ የመጨረሻው ቀኑ ነው፤ ወደ ፖርት ሱዳን ተዛውሯል። ነገ ዋስ ከቆመላት ትወጣለች። ካልቆመላት አዲሱ ዳኛ ፋይሉን ከአሊፍ ይጀምረዋል፤ ካይሮ፣ ሾፌር፣ ሐጅ… ሦስተኛውም ረመዳን ሩቅ አይደለም። እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ጥሩ ሰው ናቸው አላልኩሽም? ማህከማው በጠዋት ይከፈታል። ረክሻ ታክሲ በየበሩ አለ፤ ከማዮም ቢሆን። ጀለቢያውም ለሠርግ ተተኩሶ… ማለቴ፣ የእሳቸው ጀለቢያ መቼም ተተኩሶ የማያድርበት ቀን የለም።»

በዚህ መካከል ሙሽራዋ ሉጥፊያ የውሃ ጆግ ይዛ ከቤት ብቅ አለች። ጭምት ልጅ ናት፤ እጇ በሂና ተጥለቅልቋል። ሐሙስ ታገባና በሳምንቱ ባሏ ወደ ጅዳ ይዟት ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ዘመድ የሚባል የላትም። አባቷ ልጃቸውን ሲያዩ መቁጠሪያው ቆመ። ዘምዘም እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ፊቷ በርቶ ተነሣች።

«ነይማ የኔ ሙሽራ! ነይ ልሳምሽ። አንድ አደራ አለብኝ።» ከጎኗ ካስቀመጠችው ፌስታል ውስጥ በነጭ ክር የተሠራ ዳንቴል አወጣችና ዘረጋችው፤ ዙሪያውን በጥቃቅን አበባ ተከቧል። «ይኼ ናስራ ሲጅን ቁጭ ብላ የሠራችልሽ ነው። ‹ለእህቴ ሠርግ ባልደርስ ይኼ ይድረስልኝ› ብላለች። አየሽ እጇን? ሌባ የተባለው እጅ ይኼ ነው እንግዲህ። … አታልቅሺ፣ ለሙሽራ እንባ ጥሩ አይደለም። ይልቅ ተንበርከኪ፣ ልመርቅሽ። እናንተም እጃችሁን ዘርጉ እንጂ፤ ምርቃት ዝም ተብሎ አይሰማም። ኒሙ ሥር ያላችሁም!»

በዚያ ግቢ መመረቅ ሁልጊዜ የሰውዬው ሥራ ነበር። ዛሬ ግን ምርቃቱ የሚወጣው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ምርቃት ሲጀመር መዳፍን አለመዘርጋት ደግሞ በእነሱ ዘንድ ታይቶ አይታወቅም፤ ያውም ለገዛ ልጅ። ሴቶቹ ትሪያቸውን ከጭናቸው አውርደው መዳፋቸውን ዘረጉ። ሽማግሌዎቹ ዘረጉ። ከአንገረቡ ጫፍ፣ ዘግይቶ፣ ማር የነካው ያ አውራ ጣት ያለበት መዳፍም ተዘረጋ።

«አላህ ትዳርሽን ያሳምረው። አሚን በሉ! ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ። አሚን! ጅዳ እንደ እናት ቤት ትመችሽ። አሚን! እንጀራሽ አይሻግት፣ ባልሽ አይክፋብሽ። አሚን! … የሰው አገር ነው የኔ ልጅ፤ ክፉ አይንካሽ። ምናልባት ቢነካሽ ግን፣ ያላጠፋሽው ተለጥፎብሽ፣ ብቻሽን ዳኛ ፊት ቆመሽ፣ ‹አባቴ አለልኝ› ብለሽ በጣትሽ ስታሳዪ…

«ልክ እንደዚያ እንደ ማዮው ሰውዬ ያለ አባት ከፊት ወንበር ብድግ ይበልልሽ! … አሚን በሉ እንጂ። … ምነው? … ኒሙ ሥር ያላችሁ፣ አሚን አይባልም እንዴ?»