በፍልሰታ የመጣች ፍየል

ዘመኑ 1992 ነው፤ ነሐሴ ገብቶ ቆቦ ገና አልዘነበም። እኛ መንደር ቤት የተከራየው ፈረንጅ ሚሲዮናዊ ልጅ እግር ነበር። ሃይማኖት ያስቀይራል ብዬ ልጆቼ ደጁ እንዳይደርሱ ከለከልኩ። አንድ ቀን ወደ ማታ ፍየል እየጎተተ መጣ።

«አባባ፣ ሁልጊዜ ሽሮ ብቻ ትበላላችሁ። ይቺ ለልጆች» አለኝ።

ጎረቤቴ ሳቀ። «አያ ካሳ፣ በፍልሰታ ሊያስገድፍህ ነው የመጣ!»

ፈረንጁ ጾም መሆኑን ገና መስማቱ ነው። ፊቱ ቀልቶ ሊመለስ ዞረ። ሸሚዙ ከሰውነቱ ሰፍቶ አየሁት።

«አንተስ ምን ትበላለህ?» አልኩት።

«ብስኩት።»

ፍየሏን ተቀብዬ በረት አስገባኋት። «ጾሙ ሲፈታ አብረን እናርዳታለን» አልኩት። ከዚያ እጁን ይዤ አስገባሁትና ከልጆቼ መሀል ለሽሮው አስቀመጥኩት።